በሲሊኮን ላይ የሚሄድ ብርሃን

በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉት መዘምራን መቋሚያቸውን በአንድ ጊዜ አንሥተው በአንድ ጊዜ ሲያሳርፉ፣ ጸናጽሉም ከከበሮው ሳይቀድም ሳይዘገይ ሲሰማ ተመልክቶ እንደ ሆነ፣ ሌዘር የተባለው ብርሃን ከኩራዝ ብርሃን በምን እንደሚለይ ለመረዳት አይቸገርም፤ የኩራዙ የብርሃን ቅንጣቶች በየራሳቸው ጊዜ፣ በየራሳቸው ቀለምና አቅጣጫ ሲወጡ፣ የሌዘሩ ግን በአንድ ኅብር፣ በአንድ ስልትና በአንድ ጎዳና ይወጣሉና። ብርሃን ራሱን የሚመስል ብርሃን ከአቶም ሊያስወጣ እንደሚችል አልበርት አይንስታይን በ1909 ዓ.ም. ገደማ በሐሳብ ደርሶበት ነበር፤ በሥራ የገለጠው ግን አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን ሲሆን፣ ይኸውም ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቁ ባወጣው ጨረር ነው።

ዛሬ ይህ ብርሃን የሰውን ቃልና ጽሑፍ ተሸክሞ በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደብረ ማርቆስን ለመርገጥ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛው እጅ አንድ ተኩል ብቻ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ከኮምፒውተሩ ደጃፍ ሲደርስ ብርሃንነቱን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መልእክቱን የሚያደርሰው የመዳብ ሽቦ ነው፤ መዳብ ደግሞ የመልእክቱ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይግላል፣ ኃይልም ያባክናል። ብርሃኑ ደጅ ሳይቀር እስከ ውስጠኛው ክፍል ይዝለቅ ያሉ ሊቃውንት፣ በሲሊኮን ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ረቂቅ የብርሃን መንገድ መቅረጽ ጀመሩ።

ከእነዚህ አንዱ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ ነው፤ ስሙ በጎጃም ትምህርት ቤቶች ከማይማን ስም ጋር አብሮ ሊጠራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምሮ አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተመራማሪ ከሆነ በኋላ፣ ከፌንግኒያን ሺያና ከዩሪ ቭላሶቭ ጋር በ2002 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ እጅግ ትንሽ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው የተሠራው ጀርማኒየም ከሚባለው ማዕድን ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃው ኤሌክትሮን ሌሎቹን እየገፋ ያስነሣል፣ የተነሡትም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ደካማው ምልክትም ዐሥር እጥፍ ይበረታል። የቀደሙት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ይህን ለማድረግ ከ20 እስከ 30 ቮልት ይሹ ነበር፤ የሚያሰሙት ሁከትም መልእክቱን ያውክ ነበር። እነሰሎሞን ግን መባዛቱ በ30 ናኖሜትር ስፋት ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም በማድረጋቸው፣ 1 ነጥብ 5 ቮልት፣ ማለት የአንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ ኃይል በቂ ሆነ፣ ሁከቱም ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። የጥበቡ ምሥጢር እንግዲህ በማሳነስ ላይ ነው፤ በሰፊ ቦታ ብዙ ቮልት የሚጠይቀው የኤሌክትሪክ መስክ በጠባቡ ቦታ በጥቂት ቮልት ይበረታልና። ሰሎሞን በ2003 ዓ.ም. ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው በተባለው መጽሔት ከተመረጡት 35 ወጣት ፈጣሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አይቢኤም የብርሃኑን መንገድና የኤሌክትሪኩን ሥራ በአንድ የሲሊኮን ገጽ ላይ አስማምቶ መሥራቱን አስታወቀ።

አንድ ዐቢይ ችግር ግን ቀርቷል። ሲሊኮን ብርሃንን ይመራል እንጂ ከራሱ ብርሃን ለማፍለቅ የታደለ አይደለም፤ ኤሌክትሮኑ የያዘውን ኃይል አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ያጠፋዋል። ስለዚህ ሌዘሩ ኢንዲየም ፎስፋይድን ከመሰለ ከሌላ ቁስ ተሠርቶ በሲሊኮኑ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ከውጭ በመስታወት ክር ይገባለታል፤ የዘመኑ ተመራማሪዎችም ይህንኑ እንግዳ ቁስ ከሲሊኮን ጋር ሳይሰነጠቅ አብሮ ለማብቀል እየደከሙ ነው።