ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት፤ የኪስ መሣሪያ ጥቅምና ጉድለት

ለእያንዳንዱ ሥራ ተገቢው መሣሪያ እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው። ነገር ግን መሣሪያው በተፈለገበት ሰዓትና ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም። ከመቱ ወደ ገጠር የወጣው የቡና ነጋዴ የጆንያውን ስፌት ለመፍታት ሲያጎነብስ መቀሱ በመደብሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በጎሬ መንገድ ላይ ዝናብ የያዘው ሹፌር የላላውን ቪቴ ለማጥበቅ ሲሻ ካቻቢቴው በጋራዥ ቀርቷል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል የተነገረው ለሰው ቢሆንም ለመሣሪያም ይስማማል። ቢላዋን፣ ወስፌን፣ ካቻቢቴን፣ መቀስንና ፒንሳን በአንድ እጀታ ላይ አጣጥፎ የያዘው የኪስ መሣሪያ በመላው ዓለም ገበያ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ጎረቤት ቅርብ ስለሆነ ብቻ የዘመድን ሥራ ሁሉ አይሠራም። ይህን ሳያስረዳ የሚሸጥ ባለሱቅ ዛሬ ዕቃውን ቢያራግፍ ነገ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ቸርቻሪው ገንዘቡን በዚህ ዕቃ ላይ ከማዋሉ በፊት ጥቅሙንና ጉድለቱን አመዛዝኖ ማወቅ ይገባዋል።

የቀድሞው ልማድ

መሣሪያን ከሰውነት ሳይለዩ ይዞ መሄድ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦና ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ በአንገት ላይ ይንጠለጠሉ እንደነበር የታወቀ ነው። በኢሉባቦርም የሲራራ ንግድ በደራበት ዘመን መንገደኛው ያለመሣሪያ አይንቀሳቀስም ነበር። በ1894 ዓ/ም በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። መርከቡም ወደ ጋምቤላ ሊደርስ የሚችለው ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ስለነበር፣ ጭነት በመንገድ ላይ የዘገየበት ነጋዴ የዓመቱ ገበያ ሊያመልጠው ይችል ነበር።

እንዲህ ባለው ጉዞ ላይ ጠፍር ቢበጠስ ወይም ጆንያ ቢቀደድ መፍትሔው የሚገኘው ከጭነኛው እጅ ነው። ለመቁረጫ ካራ፣ ለመብሻና ለመስፊያ ወስፌ ያስፈልገዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ለየብቻቸው በመሆናቸው ሸክማቸው ይበዛል፤ ነገር ግን ወስፌው ቢሰበር ካራው ይተርፋል። ይህ ንጽጽር የኋለኛውን መሣሪያ ለመመዘን ስለሚጠቅም ሊዘነጋ አይገባም።

ተጣጣፊው መሣሪያ እንዴት እንደመጣ

ዛሬ የምናውቀው ባለ ብዙ ስለት ሰንጢ ዝናውን ያገኘው ከስዊስ ጦር ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ ለወታደሮቹ ጠመንጃ የሚፈቱበትና የቆርቆሮ ምግብ የሚከፍቱበት መሣሪያ ስላስፈለገው፣ ቢላዋ፣ መብሻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ያለውን ሰንጢ መረጠ። በአገሩ ውስጥ በቂ አቅም ያለው ፋብሪካ ባለመኖሩ የመጀመሪያው 15,000 ሰንጢ የተሠራው በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ/ም ለሠራዊቱ ተሰጠ። ካርል ኤልዜነር የተባለው ስዊሳዊ አንጥረኛ ይህን ሥራ ወደ አገሩ ለማምጣት ሲታገል ለኪሣራ ተቃርቦ ነበር። በ1897 ዓ/ም ግን ቀለል ያለውንና የቡሽ መንቀያ የተጨመረበትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ብልሃቱም አንዱ ሞላ በእጀታው ግራና ቀኝ ያሉትን መሣሪያዎች እንዲያገለግል ማድረጉ ነበር። ፋብሪካው የእናቱን የቪክቶሪያን ስም ከያዘ በኋላ፣ በ1921 ዓ/ም የማይዝግ ብረት መጠቀም ሲጀምር «ኢኖክስ» የሚለውን የዚህን ብረት መጠሪያ ጨምሮ «ቪክቶሪኖክስ» ተባለ።

ባለ ፒንሳው መሣሪያ ደግሞ የመጣው ዘግይቶ ነው። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1975 ዓ/ም ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት መኪና አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ ሲጎበኝ፣ መኪናዋ እየተበላሸችና የየሆቴሉ ቧንቧ እያፈሰሰ አስቸገረው። በኪሱ ሰንጢ ነበረው፤ ያጣው ፒንሳ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለቱን ያዋሐደ መሣሪያ ቢሠራም፣ ያነጋገራቸው ድርጅቶች ሁሉ አልገዛም አሉት። ከጓደኛው ጋር ሆኖ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ዕቃውን ለገበያ ያቀረበው በ1983 ዓ/ም ነበር። የዓለም ነጋዴዎች ያልፈለጉት ዕቃ በኋላ በየአገሩ አስመሳይ እስኪበዛበት ድረስ ተፈላጊ መሆኑ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው።

ጥቅሙ

የኪስ መሣሪያ የመጀመሪያውና ዋናው ጥቅሙ በእጅ መገኘቱ ነው። በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ ሰንጢ 20 ግራም ያህል፣ የመኮንኖቹ ዓይነት ከ60 እስከ 100 ግራም፣ ባለ ፒንሳው ደግሞ ከ250 ግራም በላይም ሊመዝን ይችላል። ሙሉ የመፍቻ ሣጥን ግን አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይዞት ሊዞር አይችልም።

ሁለተኛው ጥቅሙ በአብዛኛው የሚያጋጥመው ችግር ትንሽ መሆኑ ነው። ባለመደብር ሲባጎ ይቆርጣል፣ ካርቶን ይከፍታል፣ የሚዛኑን ቪቴ ያጠብቃል። የቡና ገበሬው በማድረቂያው አልጋ ላይ የተበጠሰውን ሽቦ በፒንሳው ይቋጥራል፤ ማር ነጋዴው የቆርቆሮውን ክዳን ያነሣል። ለእነዚህ ሁሉ ትልቅ መሣሪያ ፍለጋ መሄድ ሥራውን ከማቆም በቀር ትርፍ የለውም። ሦስተኛውም፣ ጥሩው ዓይነት በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

ጉድለቱ

በአንድ እጀታ ላይ የተጠራቀመ መሣሪያ ሁሉ ከየራሱ ወንድም ያንሳል። ካቻቢቴው አጭር ነው፤ ከእጀታው መካከል ሳይሆን ከጎኑ ስለሚወጣም እጅ በሚያዞርበት ጊዜ ይንሸራተታል፣ ጠልቆ የገባውንም ቪቴ አይደርስበትም። መጋዙ ከጣት እምብዛም አይረዝምም። ፒንሳው ሽቦ ለመያዝ ቢበቃም የዛገ ዳዶ ለመፍታት አቅም የለውም፤ በግድ የሚጫነውም ሰው መጋጠሚያውን ይሰብራል።

ሁለተኛው ጉድለት ከአደጋ የሚቆጠር ነው። ብዙዎቹ ሰንጢዎች ቢላዋውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መቆለፊያ የላቸውም፤ የሚይዘው ሞላው ብቻ ነው። በጫፉ ወግቶ የሚገፋ ሰው ቢላዋው ተጣጥፎ ጣቱን ሊቆርጠው ይችላል። ለመብሳት የሚፈልግ ደንበኛ መቆለፊያ ያለውን እንዲመርጥ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው ጉድለት የኤሌክትሪክ ነገር ነው። የባለ ፒንሳው እጀታ ባዶ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክን ወደ ሰው ያስተላልፋል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነፍስ ለማጥፋት በቂ ነው። በዚህ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ መንካት ከቶ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጀታው በማይስተላለፍ ነገር የተሸፈነ ፒንሳ የሚይዘው ስለዚህ ነው።

አራተኛውም በጭነኛው ምሳሌ የተነገረው ነው። አንዱ መሣሪያ የጠፋበት ጭነኛ ሌሎቹ ይቀሩለት ነበር፤ የኪስ መሣሪያው የጠፋበት ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

የኢሉባቦር ዝናብ

በጎሬና በመቱ አካባቢ የሚነግድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ዝገት ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ወራቱም ረጅም ነው። በደረቅ አገር ዓመት የሚቆይ ተራ ብረት በዚህ አየር በጥቂት ቀን ይቀላል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ዝገትን የሚቋቋመው በውስጡ ባለው ክሮሚየም ነው፤ ቢሆንም «የማይዝግ» ማለት ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ጭቃና የቡና ገለፈት ጭማቂ በማጠፊያው ውስጥ ተቀምጦ ከደረቀ እርሱም ይበላሻል፤ ዝገቱም የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ከማጠፊያው ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መሣሪያውን ገልጦ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጨርቅ ወልውሎ በሚገባ ማድረቅ፣ ከዚያም በየማጠፊያው አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ነው። ወፍራም የሞተር ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ የምግብ ዘይትም ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የቆዳ አፎትም እርጥበት ስለሚይዝ እርጥብ መሣሪያ በውስጡ ማሳደር አይገባም። ይህንን ምክር ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ባለሱቅ በጥቂት ቃል የደንበኛውን ገንዘብ ያተርፍለታል።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር እጅግ ስለቀነሰ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል። በዚህ ጊዜ ርካሹን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ማምጣት ለዓይን ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን በየወሩ የሚሰበረውን ዕቃ ደጋግሞ ለማስመጣት የሚወጣው ምንዛሪ የሚገኘው እንደ ቡና ካለው የአገር ምርት ሽያጭ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ባለሱቁ የሚከተለውን መፈተን ይችላል። አንደኛ፣ ቢላዋውን ገልጦ ወደ ግራና ቀኝ ቢነቀንቀው መወዛወዝ የለበትም። ሁለተኛ፣ መሣሪያውን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሲያየው በተደራረቡት ሰሌዳዎች መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ጥፍር ሳይሰብር መከፈት፣ ሲዘጋም በሞላው ኃይል ተስቦ መግባት አለበት። አራተኛ፣ የፒንሳው ሁለት ከንፈሮች ከጫፋቸው ጀምረው መግጠም አለባቸው። አምስተኛ፣ የካቻቢቴው ጫፍ በአንድ ጠንካራ ቪቴ ላይ ተሞክሮ መጠምዘዝ የለበትም። ጥሩ ፋብሪካ ለየመሣሪያው የተለየ ጥንካሬ ይሰጣል፤ በታወቀው የስዊስ ሰንጢ የቢላዋው ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56 ሲሆን የሞላውና የቡሽ መንቀያው 49 ነው። ስለት ጠንካራ፣ ሞላ ደግሞ ተለማጭ ሊሆን ስለሚገባ ነው። አስመሳዩ ግን አንዱን ልል ብረት ለሁሉም ሊያውለው ይችላል።

የሌላውን ፋብሪካ ስም ቀርጾ የመጣን ዕቃ እንደ እውነተኛው አድርጎ መሸጥ ማታለል ነው። በ2006 ዓ/ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን መሰሉን አሳሳች ንግድ ከልክሏል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ከዚህም ሌላ ለመንገደኛ ደንበኛ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ስለት ያለበት መሣሪያ ወደ አውሮፕላን መንገደኞች ክፍል ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ከጅማ ወይም ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ነጋዴ ለጭነት በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ካላደረገው በፍተሻው ላይ ይቀርበታል። በባንክና በመሥሪያ ቤት በርም ጠባቂው ሊይዝበት ስለሚችል አስቀድሞ ማስቀመጥ ይሻላል።

እንግዲህ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። የኪስ መሣሪያ የመፍቻ ሣጥንን አይተካም፤ ሣጥኑ እስኪደርስ ድረስ ግን ሰውን ከችግር ያወጣል። ሹፌሩም፣ ባለመደብሩም፣ የቡና ነጋዴውም ሁለቱን በየቦታቸው ቢይዙ ይጠቀማሉ። ባለሱቅም ለገዢው «ይህ ዕቃ ይህን ይሠራል፣ ይህን ግን አይሠራም» ብሎ ቢሸጥለት፣ ገዢው ለሌላ ዕቃ የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው።