ግድግዳው ወለል ሲሆን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ሌዲ ክሪታኒያ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ማዕበል መሐል ገባች። ወጣቱ አርክቴክት ካፕሪስ ተሳፍሮ ሳለ ግዙፍ ሞገድ የመርከቧን ጎን መታው። ዕቃው ተተራመሰ፣ ወለሉ ዘመመ፣ ውኃውም ከታች መግባት ጀመረ። መርከቧ እስክትሰጥም የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

ካፕሪስም መርከቧም የቪዲዮ ጌም ፍጡራን ነበሩ። የጃፓኑ ሂውማን ኢንተርቴይንመንት ጌሙን «ሴፕቴንትሪዮን» ብሎ በ1993 ለሱፐር ፋሚኮም አወጣው፤ አሜሪካ ሲደርስ ስሙ «ኤስኦኤስ» ሆነ። የሚተኮስበት ጠላትም ሆነ የሚገደል ጭራቅ አልነበረውም። ሰዓቱ ግን የእውነት ሰዓት ነበር፤ ተጫዋቹ ያደረገው የእጅ ሰዓት ስልሳ ደቂቃ ሲቆጥር የመርከቧም ዕድሜ ያበቃ ነበር።

ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ጨብጦ ካፕሪስን ወደ ኮሪደሩ አወጣው። ብዙም ሳይሄድ መንገዱ ተዘጋበት። ማለፊያው በር ከራሱ በላይ፣ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነበር። ዘለለ፤ አልደረሰም። ተንደርድሮ ዘለለ፤ ጫፉን ስቶ ቁልቁል ተምዘገዘገ። የሞተ ሰው ወዲያው ይነሣል፤ ነገር ግን ከዚያችው ከአንዷ ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ይቆረጥበታል። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ፣ አምስት ደቂቃ ሄደ። ጣቱ ዝሎ ለአፍታ ሲያርፍ መርከቧ አቃሰተች።

ስክሪኑ በሙሉ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ሱፐር ፋሚኮም የጀርባውን ሥዕል እንዳለ የማሽከርከር ችሎታ ነበረው፤ ሌሎች ለመኪና እሽቅድምድም ሲጠቀሙበት የዚህ ጌም ሠሪዎች ግን መርከብ ገለበጡበት። ግድግዳው ተኛ። አልደረስ ያለው በር ዝቅ ብሎ መጣ። ካፕሪስ ግድግዳውን እንደ ወለል ረግጦ አለፈ።

ዕድል ነበር ወይስ ሥርዓት? ተጫዋቹ ቀጣዩ መሰናክል ጋ ሲደርስ መዝለሉን ትቶ ጠበቀ። መርከቧ እንደገና ተንገዳገደች፤ ደረጃ የነበረው ገደል፣ ገደል የነበረው መተላለፊያ ሆነ። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አዘማመሟም ይለወጥ ነበር። ብዙ ጌሞች ቀልጣፋ ጣትን በሚሸልሙበት በዚያ ዘመን ይህኛው መጠበቅን መሸለሙ እስከ ዛሬ ያስደንቃል።

አሁን መንገዱ የገባው መሰለው። የሚሰጥም መርከብ ላይ ያለ ሰው ወደ ላይኛው ወለል ይሮጣልና እሱም እንዲያው አደረገ። እዚያ የጠበቀው ውኃ ነበር።

መርከቧ ተገልብጣ ነበር። አናቷ ባሕር ውስጥ ገብቷል፣ ሆዷ ወደ ሰማይ ዞሯል። ስለዚህ ማምለጫው ማንም መንገደኛ የማይደርስበት፣ ከመርከቧ ሆድ ያለው የቦይለር ክፍል ነበር። ጣሪያ እየረገጠ፣ የዘመመ ኮሪደር እየጠበቀ ወደዚያ ገሰገሰ።

በየክፍሉ ግን ሰዎች ቀርተው ነበር። ሲጠራቸው ይከተሉታል፤ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እነሱን መጠበቅ ደቂቃ ይበላል። የታሪኩ ፍጻሜ ደግሞ ማን አብሮ እንደወጣ እያየ ይለያያል። በመሆኑም መውጫውን ያገኘ ተጫዋች ጆይስቲኩን አላስቀመጠም። ካፕሪስን ጌሙ በሚያስመርጣቸው በሌሎቹ ገጸ ባሕርያት፣ በሐኪሙ፣ በቄሱና በመርከበኛው እየተካ፣ እያንዳንዳቸው ከሚነሡበት ከሌላ የመርከቧ ክፍል ሰዓቱን እንደ አዲስ ጀመረ።