ከአርባ ምንጭ እስከ ዘነበወርቅ፤ የልጄ ችፌ ያስተማረኝ

አርባ ምንጭ ሌሊት ብዙ ድምፅ አላት። ከታች ከጫካው በኩል ጅብ ይጮሃል፣ ሲቀላ ላይ ያመሸ ባጃጅ ያልፋል፣ ሙቀቱ ያላስተኛው ጎረቤት በር ከፍቶ ይወጣል። እኛ ቤት ግን ለሦስት ዓመት ያህል ጆሯችን የሚጠብቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። የጥፍር ድምፅ። ልጄ እንቅልፍ ላይ ሆና ሰውነቷን ታካለች። ጠዋት አንሶላውን ሳነሳ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ። አባቷ እጇን ይዞ ቁጭ ብሎ ያነጋበት ቀን ብዙ ነው።

የጀመራት የአራት ወር ሕፃን ሳለች ነው። ጉንጮቿ ላይ ሸካራ ሽፍታ ወጣ። መቼም ልጅ ሲታመም የሠፈር ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዷ “ጥርስ ሊያወጣት ነው” አለችኝ፤ ሌላዋ “ወተትሽ ሞቆ ነው”፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ዓይን ነው” አለች። ከዶርዜ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አገላብጠው አዩዋትና “ግድ የለም ልጄ፣ ስታድግ ይተዋታል” አሉኝ። ገላዋንም በቅቤ አሹላት።

ሁለት ዓመት ሲሞላት ሽፍታው ከጉንጯ ወደ ክርኗና ወደ ጉልበቷ መታጠፊያ፣ ወደ አንገቷና ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። ቆዳዋ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ተሰነጣጠቀ። ከአንድ መድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ አንድ ቱቦ ቅባት ገዛሁ። ሻጩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። በሦስት ቀን ቆዳዋ እንደ ሐር ለሰለሰ። ተአምር መሰለኝ። ባቆምኩ በሳምንቱ ግን ከፊቱ ብሶ ተመለሰ። እንደገና ገዛሁ። ፊቷንም፣ ገላዋንም፣ ያሳከካትን ሁሉ በዚያው ቀባሁ። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ሄድን። በኋላ ጉንጯ ላይ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ጀመሩ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ ተለጠፈባት፤ ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጀርም ይገድላል የተባለ ፈሳሽ የገላዋ ውኃ ውስጥ ጨመርኩ። “ምግብ ነው” ሲሉኝ እንቁላል ከለከልኳት፣ ቀጥሎ ወተት፣ ቀጥሎ የጫሞን አሳ፣ በመጨረሻም ሙዝ። ሙዝ በየደጁ በሚሸጥበት ከተማ ልጄ ሙዝ አይታ ታለቅስ ነበር። ችፌው አልቀነሰም፤ የቀነሰው ኪሎዋ ነው።

ለመንገድ ያስነሳን ግን መዋዕለ ሕፃናት የገባች ቀን የሆነው ነገር ነው። መምህርቷ በጨዋ ደንብ ወደ ጎን ጠርታ “ወላጆች እየጠየቁኝ ነው፤ እንደማይተላለፍ የሐኪም ወረቀት ብታመጪልኝ” አለችኝ። ማታ ልጄ ራሷ “እማዬ፣ ክብ ስንሠራ እጄን የሚይዘኝ የለም” አለች። በዚያው ሌሊት አማቴ ለብቻዬ ጠርተው “ልጄ፣ ያ በሽታ እንዳይሆን” አሉኝ። ስሙን አልጠሩትም። ሥጋ ደዌ ማለታቸው ነበር።

ያ ስም የሚያስፈራቸው

አርባ ምንጭ ሆስፒታል ያያት ሐኪም ቆዳዋ ከችፌው በተጨማሪ መመርቀዙን ነግሮኝ ወደ አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልኝ። ወረቀቱን ሳነብላቸው አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ዘነበወርቅ? አላልኩሽም?”

ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በዚያ ሥፍራ አስቀድሞ የነበረው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተሠራው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። አለርትም በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1965) ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ለመላው አፍሪካ መስጠት ነበር። ዛሬ ግን ግቢው ከአገሪቱ ዋና ዋና የቆዳ ሕክምና መስጫዎችና የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የቆዳ ሕክምና በአገራችን በብዙ ቦታ ያደገው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጎን ነው። ስሙን ፈርቶ ልጁን ቤት የሚያስቀምጥ ወላጅ ግን ዛሬም አለ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ልጄ ሙቀቱና ላቡ አሳክኳት መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ስትገላበጥ ዋለች።

ሐኪሟ የመጀመሪያው ጥያቄዋ “ሌሊት ትተኛለች?” የሚል ነበር። እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልስ ሳልሰጥ አለቀስኩ። ቀጥላ ከቤተሰቡ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖሩን ጠየቀች፣ የጣቶቿን መሐል ገልጣ አየች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መላው ቤተሰብ ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነና በጣቶች መሐል ሽፍታ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ቤተሰቡም አንድ ላይ ይታከማል። በ2008 ዓ.ም. የድርቅ ወቅት በአማራ ክልል እንደተስፋፋው ማለት ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ ክብ ሽፍታ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ የችፌ ቅባት ከተቀባ ይባስ ይሰፋል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅን ያዳነ ቱቦ ለሌላው ልጅ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም።

የአማቴን ጥርጣሬ በአፍረት ጠየቅኳት። ሳቀችና “ሥጋ ደዌ ያለበት ቦታ ይደነዝዛል እንጂ እንዲህ አያሳክክም። እሱም ቢሆን ዛሬ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። የልጅሽ ግን ችፌ ነው፤ ከማንም አልያዛትም፣ ለማንም አታስተላልፍም” አለችኝ። ወረቀቱንም ጻፈችልኝ።

ቆዳዋ ምን ሆኖ ነው?

ሐኪሟ የገለጸችልኝ በጭቃ ግድግዳ መስላ ነው። ጤነኛ ቆዳ በደንብ እንደተመረገ ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ያለውን እርጥበት ይይዛል፣ የውጭውን አያስገባም። ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳ ምርጊቱ የተሰነጠቀ ነው። እርጥበቱ ይወጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፤ ሳሙና፣ አቧራ፣ ላብና ጀርም በስንጥቁ ይገባሉ። ሰውነት ይቆጣል፣ ያሳክካል፤ ልጁ ሲያከው ስንጥቁ ይሰፋል። በሽታው እንዲህ ራሱን እየመገበ ይኖራል።

በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለው፤ አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። በአውሮፓ ብዙ ሕሙማን ላይ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጉድለት ይገኛል። በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ግን ይህን ጉድለት እምብዛም አላገኘባቸውም። ስለዚህ የእኛ ልጆች ቆዳ የራሱ ምክንያት አለው ማለት ነው።

“የፈረንጅ በሽታ” የሚሉትም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች በተደረገ ጥናት፣ ከ13 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ችፌ በአልባኒያ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን በናይጄሪያ ከ17 በመቶ በላይ ነበር። አዲስ አበባና ጅማም በዚያ ጥናት ተካተው ነበር። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መልኩ ይለያል። መጽሐፍ ላይ “ቀይ” የሚባለው ሽፍታ እኛ ላይ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ትናንሽ ጉብታም ይበዛዋል። ሲሻለው የሚቀረው ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠፋል።

ቅባቱን መፍራትና ቅባቱን መድፈር

ቱቦውን አሳየኋት። ውስጡ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነበር። የቆዳ ማቅያ እየተባሉ በሚሸጡ ቅባቶች ውስጥም እንዲህ ዓይነቱ ይገኛል። “ስቴሮይድ ጠላትሽ አይደለም” አለችኝ፤ “ያለ ልክ ነው የተጠቀምሽው።” ለፊት ደካማው፣ ለምሳሌ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፤ ለገላ ጠንከር ያለው፣ ለተወሰነ ቀን ብቻ። ልኩም በጣት ነው። ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የአዋቂን ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ያዳርሳል። ፈርቶ ቅንጣት መቀባትም ጉዳት ነው፤ ሕመሙን ያራዝመዋል። ሲሻላት ደግሞ ሁልጊዜ በሚመለስባት ቦታ ላይ ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን እንድቀባት አዘዘችኝ።

ዋናው ሕክምና ግን ውድ አይደለም። በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና በጥቂቱ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ከዚያ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን መቀባት። ቆዳው ቢያምርም አይቆምም። ብዛቱ አስደነገጠኝ፤ የእንግሊዝ መመሪያ ችፌ ላለበት ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ይላል። እኔ አንዷን ትንሽ ቆርቆሮ ለወር ነበር የማብቃቃት። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረችልኝ፤ ቫዝሊን የጠጣ ልብስ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ልጁን ከከሰል ምድጃና ከሻማ ማራቅ ያስፈልጋል።

ቅቤውስ? “ቅቤውን በምግቧ ላይ” አለች። በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገባ የምግብ ነገር ሰውነቷን ለአለርጂ ሊያለማምድ ይችላልና። ምግቧንም መለሰችልን። አንድ ምግብ ሲበላ ወዲያው ትውከት፣ የከንፈር እብጠት ወይም ብርድ ብርድ የሚመስል ሽፍታ ካልመጣ በቀር፣ ያለ ሐኪም ምክር ልጅን ማስራብ አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት የመረቀዘውን ቆዳ በአንቲባዮቲክ አከመችላት። አሜሪካ ያለችው እህቴ ስለ አዲሱ መርፌ፣ ዱፒሉማብ ስለሚባለው፣ ጽፋልኝ ነበር። እዚያ በ2017 ለአዋቂዎች፣ በ2022 ደግሞ ከስድስት ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው፣ በቅባት ብቻ የማይመለስ ከባድ ችፌ በብርሃን ሕክምና፣ በሜቶትሬክሴት ወይም በሳይክሎስፖሪን በደም ምርመራ ክትትል ይታከማል። ብዙ ልጆች ግን መሠረታዊው በትክክል ከተሠራ እዚያ አይደርሱም። የእኔም አልደረሰችም።

የአያቷ ጥጥ

ቁስሏ ከደረቀ በኋላ ሐኪሟ ለክፉ ሌሊቶች እርጥብ ጨርቅ መጠቅለልን አስተማረችን። ቅባቱና ቫዝሊኑ ከተቀባ በኋላ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ በላዩ ደረቅ የጥጥ ልብስ፣ ለጥቂት ሌሊት ብቻ። ይህ መድኃኒቱን ወደ ቆዳ አብዝቶ ስለሚያስገባ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በመረቀዘ ቆዳ ላይም አይደረግም።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ የዶርዜ ሴት ናቸው። “ጥጥ ከሆነስ እኔ አለሁላት” አሉ። የሱፍ ብርድ ልብሱንና የናይለን ፒጃማውን አውጥተው ከድሮ ነጠላቸው ለእጅና ለእግር የሚሆን ለስላሳ መጠቅለያ ቀደዱ። የመጀመሪያዋ የተጠቀለለች ሌሊት ልጄ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኛች። እኔና አባቷ ግን አልተኛንም፤ ድምፅ ስንጠብቅ ነጋ።

ዛሬ ስድስት ዓመቷ ነው። ድናለች አልላችሁም። ሙቀቱ ሲብስ አንገቷ ላይ ይመለሳል፤ ላቧን አጥበን እንቀባታለን። ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ እንደሚሻላቸው ሐኪሟ ነግራናለች፤ የአማቴ “ስታድግ ይተዋታል” ግማሽ እውነት ነበረው። እስኪተዋት ድረስ ግን ሌሊቱ የእሷ ነው፤ ቆዳውም የእሷ።

ሁለት ነገር ሲታይ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አንዱ ቆዳው ውኃ ሲቋጥር፣ ቢጫ ቅርፊት ሲሠራ ወይም ትኩሳት ሲመጣ ነው። ሁለተኛው የሚያም ተመሳሳይ ትናንሽ ውኃ ቋጣሪ ሽፍታ በድንገት ሲበተን ነው፤ ይህ የከንፈር ምች የሚያመጣው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ዘመድ ችፌ ያለበትን ሕፃን አይሳም። ጠበል ለሚያስጠምቁም፣ የባህል መድኃኒት ለለመዱም የምለው አንድ ነው፤ የሚያቃጥል ነገር በቆሰለ ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ ከውኃ ሲወጣ ቅቡት፣ የሐኪሙን መድኃኒት አታቋርጡ።

ባለፈው እሑድ ከገበያ ስመለስ አማቴ በረንዳው ላይ ልጄን አስቀምጠው አገኘኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቅባቱን በሌባ ጣታቸው ላይ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይጨምቃሉ። አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች፤ የሕፃኑ ጉንጭ ሸካራ ነው። “ጥርስ ነው ይሉኛል እማማ” ስትላቸው ሰማሁ።

“ጥርስማ አፍ ውስጥ ነው የሚወጣው” አሉ አማቴ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። “ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።”