ገማቹ ዳኛ አይሆንም

በ2009 ዓ.ም. ክረምት በብዙ ከተሞች የነጋዴው ወሬ አንድ ነበር፤ «የቀን ገቢ ግምት»። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው የዕለት ሽያጩን ገምተው ሄዱ። ግብሩ ሲመጣ ብዙው ሰው «በዛብን» ብሎ ለአቤቱታ ተሰለፈ።

አቤቱታውን መጀመሪያ የሚያየው ያው ግብር የወሰነው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያልረካ ወደ ይግባኝ ሰሚው ይሄዳል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ታዲያ እነማን ናቸው?

የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለይግባኝ ሰሚው የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አባልነት በር የሚከፍተው በግብር ጉዳይ ለሠራ የሕግ ባለሙያ፣ ለተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያና ለቀድሞ የግብር ሠራተኛ ነው። ልብ በሉ፣ ለ«ቀድሞ»። ግብርን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሲያስከፍል የኖረ ሰው ስለሆነ ዕውቀቱ ይፈለጋል፤ ዛሬም በሥራው ላይ ያለ ግን አይሾምም። በአንድ እጁ እየገመተ በሌላው ሊዳኝ ነዋ!

ጥንቃቄው አልበዛም። ይግባኝ ባዩ የሚያከራክረውን ግብር 50 በመቶ ሳይከፍል ይግባኙን አይቀበሉትም፤ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም የእሱ ነው። ከዚያ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚሻገረው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። በቀን ስንት ተሸጠ የሚለው ሙግት እዚያው ኮሚሽኑ ፊት ያልቃል።

የደብረ ታቦር ባለሱቅ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ስለሆነ ይግባኙም የሚሰማው በክልሉ ነው። ችግሩ፣ እንደ ደብረ ታቦር ባለ ጉና ተራራ ሥር ባለ ከተማ ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ይግባኝ ሰሚው ከባለጉዳዩ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣ፣ አንድ እቁብ ይጥል፣ አበ ልጁም ይሆን ይሆናል። ለንጽጽር፣ በ2013 ዓ.ም. የተሻረው የ1988ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ዳኛ ከችሎት የሚነሣባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የሥጋና የጋብቻ ዝምድናን በስም ይጠራ ነበር። አበ ልጅነት ግን ይገባ የነበረው፣ ከገባ፣ ፍትሕን ሊያዛባ የሚችል ሌላ በቂ ምክንያት በሚለው በር ነበር።

የምስክር ወረቀት በፋይል ይታያል፤ እንዲህ ያለው ቅርበት ግን አይታይም። አባሉ ራሱ ካልተናገረ ወይ ባለጉዳዩ ደፍሮ ካልተቃወመ ማን ያወጣዋል?

ዝምድና ባይኖርስ? አባሉ ከመንገዱ ማዶ ያንኑ ጨርቅ የሚሸጥ ቢሆን የጎረቤቱ ግብር መክበድ ለእሱ ገበያ ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ በጉዳዩ የገንዘብም ሆነ ሌላ ጥቅም ያለው አባል አስታውቆ እንዲወጣ ያዘዘው እንዲህ ላለው ሰው ጭምር ነው።