ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውኃው ይሰናዳ

ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ቆረሶ፥ አምባዛና ቢልጫ የሚኖሩበት ሐይቅ መሆኑን የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ከዚሁ ሐይቅ የተያዘ የቆረሶ ጫጩት አዲስ ውኃ በተሞላ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ቢገባ በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ውኃው ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ዓሣው ስለ ምን ይሞታል? ምክንያቱን ለአንባብያን በአጭሩ እገልጻለሁ።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞንያ የተባለ መርዝ ያወጣል። የምግቡ ትራፊና ኩሱም ሲበሰብሱ ይህንኑ መርዝ ይጨምራሉ። አሞንያ ቀለም ስለሌለው በዓይን አይታይም። በሰፊው ሐይቅ ይበተናል፤ በትንሽ ገንዳ ግን ተጠራቅሞ ስንጥቡን ይጎዳል።

ይህን መርዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህን ለይቶ ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሩስያዊ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1890 ነበር። አንደኛው ወገን አሞንያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጠዋል።

አዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ሠራተኞች ገና አልበዙበትም። ስለዚህ አሸዋና ጠጠር አጥቦ ማስገባት፥ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ በሰፊ ዕቃ አሳድሮ መጨመር፥ አየር የሚነፋ መሣሪያ ማሠራት ያስፈልጋል። ከዚያም ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቍንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበት፤ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። ዓሣ ከቆየበት ጤናማ ገንዳ አንድ እፍኝ ጠጠር ቢገኝ ሥራው ይፋጠናል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመመርመሪያ ጠብታ ሲታይ አሞንያውና ናይትራይቱ ከጠፉ፥ ናይትሬትም ከተገኘ፥ ገንዳው ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከውኃው ከፊሉ ይለወጥና አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ዓሣ ይግባ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የሞተ ዓሣ ግን አይነሣም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በጣና ዳርቻ ያለው ጭቃና ደንገልም ይህንኑ ሥራ ለሐይቁ ይሠራል፤ ባክቴሪያዎች በጭቃውና በአገዳው ላይ ይኖራሉ፥ ደንገሉም ናይትሬቱን ለምግቡ ይወስዳል። ደንገሉ እየተነቀለ የከተማ ቈሻሻ ቢበዛ ግን፥ ያ ዳርቻ እንደ አዲስ ገንዳ ያለ ሠራተኛ ይቀራል። የገንዳ ውኃ ቢበላሽ ይለወጣል፤ ለጣና ግን መለወጫ ውኃ ከየት ይመጣል?