ከፍትሐት እስከ ሙት ዓመት፦ ሐዘን ሲገጥም ምን ይደረጋል?

መካነ ሰላም ከተማም ይሁን በዙሪያው፣ በቦረና፣ በወግዲ ወይም በከላላ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ፣ ሰው ሲሞት የሚደረገውን ከልጅነትዎ ጀምሮ አይተዋል። ለምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደሚያስወጣ፣ የትኛው ሥርዓት የትኛው ልማድ እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የሚነግር ሰው ብዙም የለም። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ደግሞ ይከብዳል። በደኅናው ቀን ብንነጋገርበት ይሻላል።

መጀመሪያ ማን ይጠራ? የንስሐ አባት፣ ማለትም ቤተሰቡ የሚናዘዝለት ቄስ። የሚጠሩትም ሕመምተኛው ገና መናገር ሲችል ነው። ብዙ ቤት ቄስ መጥራት ሟርት ይመስለዋል። እንዲህ እየተባለ ሲዘገይ በሽተኛው ሳይናዘዝና ሳይቆርብ ያልፋል። ከቀብር በኋላ ቤተሰብን ለዓመታት የሚያብከነክነው ይኸው ነው። ቄሱ ሲመጡ የግድ ለስንብት አይደለም፤ ለድኅነትም ይጸልያሉ፣ ዘይት የሚቀባበት የቀንዲል ጸሎትም ለሕሙማን የተሠራ ነው።

ማልቀስ እምነት ማጣት ነው ወይ? አይደለም። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ለሞተ ሰው ምርር ብለህ አልቅስ፣ ከዚያም ተጽናና ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከለው ሐዘንን ሳይሆን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትነቅፈው ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ በሰውነት ላይ ጉዳት ማድረስን ነው። ሙሾን ብዙ ካህናት አይወዱትም። እኔ ግን የሟቹን ደግነት የሚያነሣ፣ ሰውን ወደ ራስ ማቁሰል የማይገፋ ሙሾ ክፋቱ አይታየኝም።

ልጅ ለሞተባት እናት የዳዊትን ታሪክ የሚጠቅሱ አሉ። ዳዊት ሕፃኑ እስኪሞት ጾሞ አለቀሰ፤ ሲሞት ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ በላ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳዊት ያን ያደረገው በራሱ ሐዘን ላይ እንጂ ሌላውን ዝም ለማሰኘት አልነበረም። የኢዮብ ወዳጆችም ደኅና የነበሩት ሰባት ቀን አብረውት ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው። ለቅሶ ሲደርሱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ቁጭ ቢሉ ይበቃል።

ፍትሐት ምንድን ነው? ነፍስ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ ካህናት የሚያደርሱት ጸሎት ነው፤ መጽሐፈ ግንዘት ከሚባለው መጽሐፍ ይነበባል። አስከሬኑ ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ጊዜ እያረፈ ይጸለይለታል። የዚህ ወጪ ብዙ አይደለም፦ መገነዣ አቡጀዲ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ለካህናቱ የሚሰጠው፣ ለቀብር የሚደርሰው ሰው የሚቀምሰው ንፍሮ። ገጠር ውስጥ ሰሌን ሳጥንን ይተካል፤ በሰሌን የተቀበረ ሰው ጸሎት አይጎድልበትም። በሰሙነ ሕማማት፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሳዕና እሑድ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ሁሉ ለራሱ የተደረገውን ፍትሐት ሰምቶ ነው ዘንባባውን ይዞ የሚመለሰው።

ከዚያ የመታሰቢያ ቀኖቹ ይመጣሉ፦ 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው፣ መንፈቅ ማለትም ስድስት ወር፣ ከዚያ ሙት ዓመት። ሦስተኛው ቀን ጌታ የተነሣበትን ያስታውሳል። ሠላሳው እስራኤል ለሙሴና ለአሮን ካለቀሱት ሠላሳ ቀን ጋር ይያያዛል። ስለ አርባና ሰማንያ ሊቃውንቱ መጽሐፈ ኩፋሌን ያነሣሉ፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሡትም ለዚህ ነው። ሥርዓቱ ለሟች የተሠራ ቢሆንም ለቋሚው የሚያደርገውን ልብ ይበሉ። ሰው እየተበተነ ቤቱ ጭር ሲል ሌላ ቀን ይደርሳል፤ ሐዘንተኛው ተነሥቶ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ የሟቹ ስም በሰው ፊት ይጠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ወጪ፣ ወደ ተዝካር እንምጣ። ተዝካር ብዙ ጊዜ በአርባው ቀን የሚደረግ የመታሰቢያ ግብዣ ነው። ጠላው ገብስና ጌሾ ይፈልጋል፣ እንጀራው ጤፍ፣ ወጡ በሬ። ለዚህ ሲል የሚያርስበትን በሬ የሚሸጥ ገበሬ አለ። ከጥማዱ አንዱ ሲጎድል ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ከጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት ነው፤ የራሱ እርሻ ወረፋ ይጠብቃል፣ ዘር ይዘገያል። ታዲያ ግዴታ ነው? ጸሎቱና ቅዳሴው ሥርዓት ነው። ምጽዋቱም እንደ አቅም ነው። ድግሱ ግን ሰው ያከበደው ልማድ ነው። አቅም ከሌለዎት መገበሪያ፣ ማለትም ለቅዱስ ቁርባን የሚሆን ስንዴ፣ ከጧፍና ከዕጣን ጋር ወስደው ያስቀድሱ፤ ጥቂት ነዳያን ያብሉ። አርባው በጾም ላይ ከዋለ በሬ የሚባል ነገር አይነሣም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባትዎ ውሳኔዎን በለቅሶው መሐል እንዲናገሩልዎ መጠየቅ ይረዳል።

የቀረውን ሸክም ቅሬው ይሸከማል። ቅሬ በወሎ ለቀብርና ለለቅሶ የሚረዳዳ የአካባቢ ማኅበር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እድር እንደሚባለው። የቅሬ ሰው መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ እንጨትና ውኃ ያመጣል፣ እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ መቃብሩ ግን አብሮ ይቆፈራል። ለክርስቲያኑ ለቅሶ የመጣው ሙስሊም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላል፣ ሐዘንተኛው አሜን ይላል። ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም ጉልበትና የሥራ ቀን በሰው ሐዘን ላይ ይውላል።

አርባው ወጥቶም ሐዘኑ ካልወጣስ? ብዙውን ጊዜ አይወጣም፣ ይህም የእምነት ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ወራት አልፈው እንቅልፍ ከራቀዎት፣ እህል ካልወረደልዎት፣ ሞትን መመኘት ከጀመሩ፣ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ጤና ጣቢያም ይሂዱ። ስለ ለቅሶ የሚናገረው ያው የሲራክ ምዕራፍ የሚጀምረው ሐኪምን አክብር ብሎ ነው።

በመጨረሻ፣ ዐረብ አገር ሆነው መርዶ የሚሰሙ ልጆች አሉ። ቀብር አይደርሱም፣ አፈር አያለብሱም። እነርሱም ባሉበት መጸለይ፣ አገር ቤት ባለ ደብር ማስቀደስ ይችላሉ። ካህኑ የሚጠይቁት የክርስትና ስም ነው፤ ጸሎቱ የሚደርሰው በመጠሪያ ስም ሳይሆን በእርሱ ነው። ብዙ ሰው የአባቱን የክርስትና ስም አያውቅም፤ የሚያውቁት አያት ወይም የክርስትና እናት ቀድመው ያርፋሉ። የወላጆችዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን የክርስትና ስም ዛሬ ጠይቀው ይጻፉ። ወረቀቱን አንድ ሰው በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጡት፣ የራስዎንም አብረው ይጻፉበት።