ተጨማሪ መረጃ፦ ወንጭፍና በአናት ላይ የሚበር ወፍ

በአምቦና በጉደር አካባቢ ማሽላ ሲያሽት ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያሽከረክራል። ወፏ ከእጁ በላይ በ25 ሜትር ከፍታ፣ በሰከንድ 10 ሜትር እየበረረች ወደ እሱ ትመጣለች እንበል። የአየር ሰበቃን ትተን የስበት ፍጥንጥነትን 10 ሜ/ሰ² ብንወስድ፣ በ30 ሜ/ሰ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወነጨፈ ድንጋይ እዚያ ለመድረስ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል። እሷም በዚህ ጊዜ 10 ሜትር ትጓዛለች። አናቱ ላይ እስክትደርስ ከጠበቀ ድንጋዩ ከኋላዋ ያልፋል፤ ስለዚህ 10 ሜትር ሲቀራት መልቀቅ አለበት። ለጠመንጃም ሕጉ ያው ነው፤ ጥይት ፈጣን በመሆኑ ግን የሚቀደመው ርቀት ያጥራል።

ጥንቃቄ፦ የሳተው ድንጋይ በተወነጨፈ በ6ኛው ሰከንድ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ ይወድቃል።

አስሉ፦ ወፏ በ15 ሜ/ሰ ብትበርስ ስንት ሜትር ሲቀራት ይለቀቅ?